በአዲስ አበባ ዙሪያ የእግር ጉዞ ለማን ነው? ስለ ዘር፣ ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ መገለል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜና እሑድ ወደ እንጦጦ፣ ወጨጫና የረር ከሚወጣው ቡድናችን ጋር ለመጓዝ የሚፈልጉ ሰዎች በስልክም በመኪና ውስጥም የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ቀላሎቹ ከፊት ናቸው።

የእግር ጉዞ የፈረንጅ መዝናኛ አይደለም እንዴ?

አይደለም። መጋቢት 5 ወይም ጥቅምት 5 ቀን ዝቋላን ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል 2,989 ሜትር ከፍታ ወዳለው ተራራ አዛውንቶች ምርኩዝ ይዘው፣ እናቶች ልጅ አዝለው፣ አንዳንዱም ስእለት ስላለበት በባዶ እግሩ ይወጣል። እንጦጦም እንዲሁ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ጠበል የሚሄደው ምእመን፣ የማገዶ እንጨት ተሸክማ ቁልቁል የምትወርደው ሴት፣ በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጠው አትሌት፣ ሁሉም ከእኛ በፊት እዚያ ነበሩ።

አዲሱ ነገር ያለ ጉዳይ መሄድ ነው። ሰው ግማሽ ቀን ዳገት ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ የሚያዩ ገበሬዎች ‹‹ምን ጠፍቷችሁ ነው?›› ብለው ይጠይቃሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገሩን የፈረንጅ ያስመሰለው ማስታወቂያው ነው። ውድ ጃኬት ለብሶ፣ ዘንግ ይዞ፣ ከገደል አፋፍ ላይ የቆመ ነጭ ሰው ፎቶግራፍ ለዓመታት ስናይ ኖረን ተራራው የእርሱ መሰለን።

ለጀማሪ የሚመቸው የት ነው?

እንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ታክሲ አለ፣ ሰው አይጠፋበትም፣ የደከመው መመለስ ይችላል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የተነጠፈ መንገድና ማረፊያ ስላለ ከልጆችና ከአዛውንቶች ጋር ለሚወጣ ሰው ቀሏል። ለግማሽ ቀን ሽርሽር የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ጥሩ ነው።

ትንሽ ለለመደ ሰው ከከተማው በስተምዕራብ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ወፍ ዋሻ ከተባለው የሰሜን ሸዋ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ዛሬም ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ይታይበታል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ለማየት የታደለ ይታደላል። ከደኑ በላይ ያለው የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። የረር በምሥራቅ በኩል ነው፤ ጥላው ትንሽ ስለሆነ ፀሐይ ሳይከር መጀመር ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ያስቸግራል። ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን አደይ አበባው ገና ስላልረገፈ የዓመቱ ምርጦች ናቸው። የትም ቢኬድ የአካባቢውን ጸጥታ አስቀድሞ ማጣራትና አንድ የሰፈሩን ሰው መንገድ መሪ አድርጎ መያዝ ግድ ነው።

ስንት ብር ይበቃኛል? የተለየ ጫማስ ያስፈልጋል?

ለእንጦጦ የታክሲ፣ የመጠጥ ውኃና የስንቅ ብር ይበቃል። በበጋ የማይንሸራተት ሸራ ጫማ ከተገኘ ሌላ አያስፈልግም፤ በአዲስ ጫማ ግን መውጣት አይገባም፣ ተረከዝ ይልጣል። ስንቅ ከሆነ ቆሎ፣ ዳቦና በሶ ከማንኛውም የታሸገ ነገር ይሻላል።

ብር ሰውን የሚያስቀረው ቦታው ሲርቅ ነው። የመኪና ኪራይ፣ የመግቢያና የመንገድ መሪ ክፍያ፣ ሆቴል ውስጥ የሚበላ ምሳ ሲደመር አንድ መምህር ወይም ነርስ በየወሩ የሚችለው አይሆንም። ብዙ ቡድኖች ‹‹ሁሉም ይምጣ›› ብለው ይጽፉና ከሥር የሚያስቀምጡት ዋጋ ‹‹ሁሉም›› የሚለውን ይሰርዘዋል። በእኔ እምነት በአዲስ አበባ ዙሪያ መገለል መጀመሪያ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ የቆዳ ቀለም፣ ጾታና ቋንቋ ከኋላው ይከተላሉ። ስለዚህ በቡድናችን ምሳ ከክፍያው ወጥቷል፣ ስንቅ ሁሉም ይይዛል። በተቻለ መጠን ተራ እያስገባን በታክሲ የሚደረስባቸውን ቦታዎች እንመርጣለን። ያለው ሰው ለሌለው የሚጨምረውን ገንዘብ ያዡ ብቻ ያውቃል፤ ስም አይጠራም፣ ጭብጨባም የለም።

ተራራ ሰው አይመርጥም። ታዲያ ዘር ምን አገናኘው?

ተራራው አይመርጥም፤ በሩ ላይ የቆሙት ግን መርጠዋል። ነገሩ በስፋት የሚነሳው አሜሪካ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን እዚያ ዘመድ ስላለን በሚቀርበን ምሳሌ እናስረዳ። የዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያውያን ጠዋት ተነሥተው በመኪና የሚደርሱበት የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በቨርጂኒያ ይገኛል። በ1936 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የግዛቱ የዘር መለያየት ሥርዓት አብሮት ገባ። በ1939 ሉዊስ ማውንቴን የተባለው ቦታ ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ተከፈተ፤ ምግብ ቤቱም ማደሪያውም የሽርሽር ሜዳውም ለብቻ ነበር። መለያየቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ጥቁርና ነጭን በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች መለየት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው ደግሞ በ1964 ነው። ያን ጊዜ ወደዚያ አገር የሄደ ኢትዮጵያዊ ተማሪም በቆዳው እንጂ በፓስፖርቱ አይታይም ነበር።

ታሪኩን የሚያመርረው ሌላም አለ። እነዚያን ፓርኮች ከጠበቁት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል ጥቁሮች ነበሩ። ቡፋሎ ሶልጀርስ የተባሉት ጥቁር ወታደሮች በ1899፣ በ1903 እና በ1904 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲና ሴኮያ ፓርኮችን በፈረስ እየዞሩ ከአዳኞችና ከእንጨት ቆራጮች ጠብቀዋል። በ1903 ሴኮያን በተጠባባቂ አስተዳዳሪነት የመራው ካፒቴን ቻርልስ ያንግ ነበር፤ ግዙፎቹ ዛፎች ወዳሉበት ደን የሚያደርሰውን የሠረገላ መንገድ የጨረሱትም የእርሱ ሰዎች ናቸው። መንገዱን ጠርገው የሰጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ‹‹ጥቁር ሰው ጫካ አይወድም›› ሲባሉ መስማት ምን ያህል እንደሚያናድድ አስቡት። ጫካን የሚፈሩ የሉም ማለት አይደለም። በደቡቡ ግዛቶች ጥቁሮች ያለ ፍርድ ተይዘው የሚሰቀሉት ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ነበርና፣ አያት ለልጅ ልጁ ‹‹ከመሸ ጫካ እንዳትገባ›› ያለው በምክንያት ነው።

ያ ድሮ ነው፤ ዛሬ ማን ይከለክላቸዋል?

ሕግ አይከለክልም። ነገር ግን ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ወፍ ሊያይ የወጣው ጥቁር አሜሪካዊ ክርስቲያን ኩፐር አንዲት ነጭ ሴት ውሻዋን እንድታስር ቢጠይቃት ፖሊስ ጠርታ ‹‹አፍሪካ አሜሪካዊ ሰው ሕይወቴን እያስፈራራኝ ነው›› ብላ ከሰሰችው። በእጁ የነበረው ወፍ ማያ መነጽር ነው። ቪዲዮው ባይኖር ማን ያምነው ነበር? በዚያው ቀን በሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። ሳምንት ሳይሞላ ወፍ የሚያዩ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ሳምንት አውጀው ፎቶግራፋቸውን ለዓለም አሳዩ። በብሪታኒያም በ2021 እ.ኤ.አ. የገና ዕለት በአንድነት ተራራ የወጡ ሙስሊሞች ፎቶግራፋቸው ከተለጠፈ በኋላ የስድብ ናዳ ወርዶባቸዋል። ያደረጉት ነገር ቢኖር መራመድ ነው።

በጎው ጎንም አለ። ሩ ማፕ የተባለች የካሊፎርኒያ ሴት በ2009 እ.ኤ.አ. ‹‹አውትዶር አፍሮ››ን መሥርታ ጥቁር አሜሪካውያንን ወደ ተፈጥሮ የሚያወጡ መሪዎችን በየከተማው ታሠለጥናለች። የኤቨረስት ጫፍ ላይ የቆመው የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ደቡብ አፍሪካዊው ሲቡሲሶ ቪላኔ ነው፣ በ2003። በ2006 ሶፊያ ዳነንበርግ ከጥቁር ሴቶች ቀዳሚ ሆነች። በ2022 ደግሞ በጥቁሮች ብቻ የተዋቀረ ቡድን ከኤቨረስት ጫፍ ደረሰ። ከጎረቤታችን ኬንያ ኪሶይ ሙንያዎን የሚያስታውስ ግን እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። በ1963 ነጻነት ሲታወጅ የአገሩን ባንዲራ ተሸክሞ የኬንያ ተራራ ላይ የተከለው እርሱ ነው።

ጥቁር የውጭ አገር ጓደኛዬን ባመጣ እንዴት ይታያል?

በአብዛኛው በደስታ። አዲስ አበባ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ ኋላም የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ስለሆነች ናይጄሪያዊም ሆነ ኬንያዊ ለዓይናችን አዲስ አይደለም። የተለመደው ችግር መልኩ ስለሚመሳሰል በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ መነገሩና መልስ ሲያጣ ኩራተኛ መባሉ ነው። ሁለት ሦስት የሰላምታ ቃላት አስተምራችሁት ብትመጡ ነገሩ ይፈታል።

የሚያሳዝነው የራሳችን ተጓዦች የሚያደርጉት ነው። ነጭ እንግዳ ሲመጣ የፊት ወንበር ይለቀቅለታል፣ ቆሎው መጀመሪያ ለእርሱ ይዘገናል፣ እንግሊዝኛ የሚለማመደው ሁሉ ይከበዋል። በዚያው መኪና የተሳፈረው ጋናዊ ግን መስኮቱን እያየ ይሄዳል። በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ የዓይን ልማድ ነው፣ ልማድ ደግሞ ይታረማል። ስለዚህ በቡድናችን የመጀመሪያውን ሰዓት ከአዲስ ሰው ጎን የሚራመድ አንድ ነባር ተጓዥ ይመደባል። አዲሱ ሰው ከስዊድንም ይምጣ ከአሶሳ አሠራሩ አንድ ነው።

አንድ የማይረሳ ነገር፦ ከሌጎስ ወይም ከሞምባሳ የመጣ ሰው ከባሕር ዳርቻ ነው የመጣው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመጣ ማግሥት ዳገት አታስወጡት፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ይቆይ፣ ውኃ ይጠጣ። ከፍታው የሚያመጣበት ራስ ምታት የጉልበት ማነስ ምልክት አይደለምና ማንም እንዳይስቅበት።

ልጆች ‹‹ፈረንጅ!›› ‹‹ቻይና!›› እያሉ ሲከተሉን ምን ይሻላል?

ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሰላምታ ነው የሚሰጡት፤ ለተጠሪው ግን ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ያደክማል። በተለይ ‹‹ቻይና›› የሚለው ለኮሪያዊውም፣ ለቬትናማዊውም፣ ለጃፓናዊውም ይዘልቃል። መንገድ መሪው ቆም ብሎ እንግዳውን በስሙ ያስተዋውቅ፣ ልጆቹንም ስማቸውን ይጠይቅ። ስም ከተለዋወጡ በኋላ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ይበርዳል። ብር፣ ከረሜላና እስክሪብቶ መወርወር ግን ለሚቀጥለው ተጓዥ ችግር ማውረስ ነው። መርዳት የፈለገ በአቅራቢያው ላለው ትምህርት ቤት ይስጥ።

ትልልቅ ሰዎች ሲጮኹ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ‹‹ልጅ ነው›› የሚል ምክንያት የለም። ከቡድኑ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ሰው በትሕትና ‹‹እንግዳችን ናቸው፣ ስማቸው እገሌ ነው›› ይበል። አገሬው እንግዳ የሚለውን ቃል ያከብራል።

የውጭ ዜጋ በመግቢያ ላይ ከእኛ በላይ መክፈሉ መድልዎ አይደለም?

ዜግነትን መሠረት ያደረገ ዋጋ በብዙ አገሮች አለ፤ ፓርኩ በግብር የሚደገፍ ከሆነ ዜጋው አስቀድሞ ከፍሏል የሚል አመክንዮ አለው። እኔ ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው በር ላይ በዓይን ሲወሰን ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነጭ ወይም ክልስ ሰው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ጥቁር እንግዳ ደግሞ አፉን እስኪከፍት በዜጋ ዋጋ ያልፋል። ገንዘቡ ለእርሱ ቢቀርለትም አሠራሩ ያው የቆዳ ቀለም አሠራር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁሉም መታወቂያ ያሳይ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ካርዱን ቤት ጥለው አይምጡ። መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የውጭ ዜጎችም እንዲሁ፤ በአንዳንድ ቦታ ለነዋሪ የተለየ ዋጋ አለ።

በመንገድ ላይ ከምናገኛቸው ገበሬዎችና እንጨት ተሸካሚዎች ጋር እንዴት እንሁን?

እንደ ባለቤትና እንግዳ፤ እንግዶቹ እኛ ነን። ከከተማው ጫፍ ትንሽ አልፎ ያለው አገር በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ‹‹አካም ጅርቱ›› ብሎ መጀመር፣ ‹‹ገለቶማ›› ብሎ ማመስገን ብዙ በር ይከፍታል። አማርኛ የሚችል ገበሬም ቢሆን በቋንቋው ሰላምታ የሰጠውን ሰው በሌላ ዓይን ያያል። እርሻ መካከል አቋርጦ መሄድ፣ በተለይ ጤፉ ሲያሸት፣ ነውር ነው። ሰላም ሳይሉ በአጠገብ ማለፍም እዚያ አካባቢ እንደ ንቀት ይቆጠራል።

እንጨት የተሸከሙትን እናቶች ስታገኙ መንገዱን ልቀቁ፤ በመንገዱ ዳር እንጂ መካከል አትቁሙ። ሸክሟ ከራሷ ክብደት የሚቀራረብ ሴት ቁልቁለት ላይ መቆም አትችልም። ‹‹አይዞዎት እማማ፣ ያበርታዎት›› ይበቃል። ፎቶግራፍ ግን አታንሡ። ወደ ቡድናችን ከሚመጡ ጥሩ ካሜራ የያዙ ሰዎች ጋር የምከራከረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ‹‹ውብ ሥዕል ነው›› ይሉኛል። እርሷ ግን ጎኗን እየቆጠቆጣት ነው፣ ምናልባትም በጥበቃ እንዳትያዝ እየፈራች ነው። ስለ ተካታችነት ስብሰባ ተቀምጦ ሲያወራ የነበረ ሰው ያችን ሴት እንደ ተራራው እንስሳ ሲያነሣ ማየት ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል።

ሙስሊም ነኝ፤ ጉዞው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ምን ላድርግ?

ከተራሮቻችን አብዛኞቹ ጫፋቸው ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ስላላቸው ስጋቱ እውነት ነው። ጉዞው ግን ለሁሉም ነው፤ ቅጥር ግቢ መግባት የማይፈልግ ሰው ውጭ ዛፍ ሥር ያርፋል፣ ‹‹ለምን?›› አይባልም። ሰላት ሲደርስ ቡድኑ ይቆማል። መሪው ሰዓቱን አስቀድሞ አስልቶ ውኃ ያለበት ቦታ ቢመርጥ ደግሞ እሰየው።

ስንቅን በተመለከተ የተፈተነ መላ አለን፦ ለጋራ የሚቀርብ ምግብ ሁልጊዜ የጾም ይሁን። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ዳቦ ከሆነ ‹‹ሥጋው የማን ነው?›› የሚለው ጥያቄ አይነሣም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዋቄፈታውም ከአንድ ትሪ ይበላል። በረመዳን ወር አጭሩን መንገድ እንመርጣለን፣ የምንበላውም ከጾመኛው ፊት አይሆንም።

ሴት ነኝ፤ ብቻዬን ብሄድ ምን ይገጥመኛል?

በፓርኩ ውስጥ፣ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ምንም ላይገጥምሽ ይችላል። ከዚያ ውጭ ብቻሽን አትውጪ፤ ይህን ለወንዶችም እንላለን። ልዩነቱ ወንዱ የሚፈራው ዘራፊና ምናልባት ጅብ ሲሆን አንቺ ላይ ለከፋውም መጨመሩ ነው። ቡድን ስትመርጪ መሪዎቹ መካከል ሴት መኖሯን ጠይቂ፤ መጸዳጃ የት የት እንደሚቆም አስቀድሞ የሚነግር ቡድን ሴቶችን አስቦ ያቀደ ቡድን ነው። ‹‹ሴቶች ይዘገያሉ›› የሚል መሪ ካጋጠመሽ ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት መሆኗን አስታውሺው።

አካል ጉዳተኛ ሰው መሄድ ይችላል?

ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የእንጦጦ ፓርክ የተነጠፉ መንገዶች ክፍል በክፍል ይሠራሉ፤ ዳገቱ ግን ከባድ ስለሆነ ረዳት ያስፈልጋል። ወጨጫና የረር አይሆኑም፤ ይሆናሉ ብሎ ማታለል አይገባም። ዓይነ ስውር ተጓዥ በአንጻሩ የጓደኛውን ክንድ ይዞ ብዙ ቦታ ይደርሳል። እጁን ጎትታችሁ አትምሩት፤ ክንዳችሁን እርሱ ይያዝ።

እኛ ራሳችን ጥቁሮች ሆነን ዘረኛ ልንሆን እንችላለን?

እንችላለን። ከጋምቤላ ወይም ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የመጣን ተማሪ ጠይቁት። በገዛ አገሩ በእንግሊዝኛ ‹‹ከየት አገር ነህ?›› ይባላል፤ በር ላይ የውጭ ዜጋ ዋጋ ይጠየቃል፤ በጥድፊያ ወይም በጸብ መካከል ደግሞ ከባሪያ ንግድ ዘመን የተረፈው ስድብ ይመዘዛል። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የተሰደቡት ሰዎች አያቶች በሕይወት የነበሩበት ዘመን ነው፣ ሩቅ አይደለም። ስለ አሜሪካ ሲነገር አብሮን የሚያዝነው ሰው ይህ ሲነሣ ‹‹የእኛ ግን ቀልድ ነው›› ሲል እሰማለሁ። በቀልዱ የሚስቁት ቀላጆቹ ብቻ ከሆኑ ቀልድ አይደለም።

ረቂቁ ደግሞ በየጉዞው አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲከር ‹‹ወይኔ ጠቆርኩ! ምን መስዬ ነው ነገ ቢሮ የምገባው?›› የሚሉ አሉ፤ ቀይ ወይም የቀይ ዳማ ሆነው ከኑዌር ወይም ከአኙዋ ጓደኛቸው ጎን ተቀምጠው። ማንንም ለመስደብ አልተነገረም። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ግን ፊቱ እንደ ጉዳት መቆጠሩን ሰምቷል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፣ ባርኔጣ አድርጉ፣ ቆዳ ይቃጠላልና፤ ማልቀሱን ግን ተዉት።

ስድብ በተነገረ ጊዜ ‹‹ተው›› የሚለው ተሰዳቢው መሆን የለበትም። በቡድናችን ይህ የመሪው ሥራ ነው፤ እዚያው፣ በአደባባይ፣ በአጭሩ ይናገራል። የደገመ ሰው የሚቀጥለውን ጉዞ አይመዘገብም፣ ብሩም ይመለስለታል።

በመኪና ውስጥ የብሔር ወሬና ቀልድ ሲነሣስ?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በቡድናችን ‹‹ዘርህ ምንድን ነው?›› ተብሎ አይጠየቅም፤ ሰውየው ራሱ ቢያነሣው የእርሱ ፈንታ ነው። የብሔር ቀልድ፣ የራስን ብሔር ቢሆን እንኳ፣ አይፈቀድም፤ ተናጋሪው የራሱን ካወራ ቀጣዩ የጎረቤቱን ይቀጥላልና። ሙዚቃ በተራ ነው። የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የትግርኛው፣ የጉራጊኛው ዘፈን ይዞራል፣ በማንም ተራ ድምፅ አይቀነስም።

ታሪክ ሲነሣ ግን ዝም ማለት አይቻልም፤ እንጦጦ ላይ ቆሞ ስለ ታሪክ አለማውራት አይሆንም። የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት እዚያው ነው፤ ከተማዋም ከዚያ ኮረብታ ነው የወረደችው። ከእነርሱ በፊት ተራራውና ሜዳው የቱለማ ኦሮሞ መኖሪያና ግጦሽ ነበር፤ የከተማዋ መስፋፋት ያፈናቀላቸው ገበሬዎች ነገር ዛሬም የሚያቆስል ነው። መሪው ሁለቱንም ይናገር፤ አንዱን ብቻ የሚናገር ሰው ከተጓዡ ግማሹን ጥሎ ወጥቷል። ክርክሩ ከጦፈ ዳገቱን መቀጠል ነው፤ እየተነፈሱ ረጅም ንግግር ማድረግ አይቻልም።

ለሴቶች ብቻ ወይም ለአንድ ወገን ብቻ የሚባል ቡድን ራሱ መድልዎ አይደለም?

ይህን ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ አይመልሰውም። የሴቶች ቡድን ብዙ ሴቶች ያለ ለከፋና ያለ ፉክክር የመጀመሪያውን ዳገት የሚሞክሩበት ነው፤ ጥቂት ወራት ቆይተው ወደ ድብልቁ ቡድን የሚመጡም፣ እዚያው የሚቀሩም አሉ። ሁለቱም ደግ ነው። በአሜሪካ የጥቁሮች ቡድኖች የተፈጠሩትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ በመንገድ ላይ ብቸኛው ጥቁር መሆን የሰለቸው ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይታይ መራመድ ይፈልጋል። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በምልክት ቋንቋ የሚመራ ጉዞም ቢኖር ማንንም አይጎዳም።

በብሔር የተዋቀረ ቡድን ግን እዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ፣ አልደግፍም። ብዙ ወዳጆቼ አይስማሙም፤ ‹‹በቋንቋችን እየተጨዋወትን ብንሄድ ምን አለበት?›› ይላሉ። በቋንቋ መጨዋወት ምንም የለበትም፤ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚነገርበት ጉዞ ማዘጋጀት ይቻላል፣ ቋንቋውን ለመማር የሚፈልግም ይምጣ። መታወቂያ ታይቶ ወይም ስም ተሰምቶ የሚመለስ ሰው ካለ ግን ሉዊስ ማውንቴንን ወጨጫ ላይ እየተከልን ነው።